መስማት የተሳናቸውንና አካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ ወላጆች የሚደረግ የማኅበረሰብ ድጋፍ

ልጃቸው መስማት እንደተሳነው ወይም አካል ጉዳት እንዳለበት የተነገራቸው ወላጆች ከሐኪም ቤት ሲወጡ ብዙውን ጊዜ «ከዚህ በኋላስ ወዴት እንሂድ?» የሚል ጥያቄ ይዘው ይወጣሉ። የጥያቄው መልስ በአንድ መሥሪያ ቤት ተጠቃሎ አይገኝም። ከፊሉ በጤና ተቋም፣ ከፊሉ በትምህርት ቤት፣ ከፊሉ በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ከፊሉ ደግሞ በጎረቤት፣ በእድርና ተመሳሳይ ሁኔታ ባሳለፉ ሌሎች ወላጆች ዘንድ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ ወላጆች እነዚህን በሮች በየትኛው ቅደም ተከተል ማንኳኳት እንደሚችሉና የአካባቢው ማኅበረሰብ ከእነርሱ ጎን እንዴት መቆም እንዳለበት ለማስረዳት ተዘጋጅቷል።

የድጋፉ ሕጋዊ መሠረት

ለእነዚህ ቤተሰቦች የሚደረግ ድጋፍ በበጎ ፈቃድ ብቻ የሚሰጥ ችሮታ አይደለም። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያና ድጋፍ እንዲያደርግ ኃላፊነት ይጥልበታል። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 10/1984፣ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላ የሀገሪቱ ሕግ አካል አድርጋቸዋለች።

የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 23 በቀጥታ ወላጆችን ይመለከታል። በአንቀጹ መሠረት መንግሥታት አካል ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት እንዳይደበቁ፣ እንዳይጣሉና እንዳይገለሉ ለመከላከል ለሕፃናቱና ለቤተሰቦቻቸው መረጃ፣ አገልግሎትና ድጋፍ ጊዜው ሳያልፍ ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። በልጁ ወይም በወላጁ አካል ጉዳት ምክንያት ብቻ ሕፃን ከወላጆቹ ሊለይ እንደማይገባም በግልጽ ተቀምጧል። ስለዚህ ለድጋፍ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚመጡ እናትና አባት የሚጠይቁት በሕግ የታወቀ መብታቸውን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለምን ይወስናሉ?

በወላጆች ዘንድ በተደጋጋሚ የሚስተዋለው ችግር መጠበቅ ነው። «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው»፣ «ሲያድግ ይተወዋል» በሚል ማጽናኛ ሁለትና ሦስት ዓመት ያልፋል። ማጽናኛው ከቅን ልቦና የሚመጣ ቢሆንም ልጁን ጊዜ ያሳጣዋል። የልጅ አእምሮ ቋንቋን በቀላሉ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመሆኑ በዚህ ወቅት ያመለጠውን በኋላ ማካካስ እጅግ አድካሚ ይሆናል።

ወላጆች የሚከተሉትን ምልክቶች ሲያዩ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርባቸዋል።

• አራስ ሕፃን በከባድ ድምፅ የማይደነግጥ ከሆነ፣ በ6 ወር ዕድሜው ድምፅ ወደመጣበት አቅጣጫ የማይዞር ከሆነ፣ ወይም በአንድ ዓመቱ ስሙ ሲጠራ ምላሽ የማይሰጥ ከሆነ፤
• ሕፃኑ ሰውነቱ ከመጠን በላይ የሚገተር ወይም የሚዝል ከሆነ፣ በ9 ወሩ ያለ ድጋፍ መቀመጥ፣ በ18 ወሩ ደግሞ መራመድ ካልቻለ፤
• እግሩ ወደ ውስጥ ተቆልምሞ የተወለደ ከሆነ፤
• ዓይን ለዓይን የማይተያይ፣ ጀምሮት የነበረውን ንግግር ወይም ጨዋታ የተወ ከሆነ።

የመጀመሪያው መዳረሻ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ በሪፈራል ወደ ሆስፒታል፣ የመስማት ችግር ከሆነም ወደ አንገት በላይ ሕክምና ክፍል ይላካሉ። ተቆልምሞ የተወለደ እግር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕክምና ከተጀመረለት በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ ቀስ በቀስ ይስተካከላል፤ እንዳይመለስም ልጁ እስከ 4 ዓመቱ ገደማ ሌሊት ሌሊት ልዩ ጫማ ያደርጋል። ሕክምናው ሲዘገይ ግን ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

በልጅነት ከሚከሰት የመስማት ችግር 60 በመቶ የሚሆነው ሊከላከሉት በሚቻል ምክንያት የሚመጣ መሆኑን የዓለም የጤና ድርጅት ይገልጻል። ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ ሳይታከም የቆየ የጆሮ ምግልና የአራስ ሕፃናት ከባድ የቢጫነት በሽታ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። በመሆኑም የሕፃናት ክትባትን በወቅቱ ማስጨረስና የሚመግል ጆሮን በጤና ተቋም ማስታከም የመስማት ችሎታን የመጠበቅ ሥራ ነው።

የመስማት ችሎታ ሳይኖረውም ቋንቋ ያለው ልጅ

መስማት ከተሳናቸው ሕፃናት አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። በመሆኑም በአንድ ቤት ውስጥ እናቱ፣ አባቱ፣ እህትና ወንድሞቹ ሲነጋገሩ እርሱ ብቻ ከንፈራቸውን እያየ የሚያድግ ልጅ አለ። ይህ ልጅ ያጣው ድምፅን ብቻ አይደለም። ለምን እንደተቆጡት፣ አያቱ የት እንደሄዱ፣ ነገ ምን እንደሚደረግ የሚነግረው የለም። ሲያመውም የት እንደሚያመው መግለጫ የለውም።

መፍትሔው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው። ቋንቋው የራሱ ሰዋስው ያለው ሲሆን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። በእጅ የሚጻፈው ፊደልም ከግዕዝ ፊደል ጋር የተጣጣመ ነው፤ የእጁ ቅርጽ የፊደሉን ቤት ሲያሳይ፣ የእጁ እንቅስቃሴ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ካሉት ሰባት ድምፆች የትኛው እንደሆነ ያመለክታል። ምልክት ቋንቋ መማር ልጁ አፉን እንዲፈታ አያግደውም። የማዳመጫ መሣሪያ የሚጠቀም ልጅም ቢሆን ሁለቱን ጎን ለጎን ሊይዝ ይችላል። የማዳመጫ መሣሪያ ለሚጠቀም ልጅ ባትሪውን በየጊዜው መቀየር፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ክፍል ደግሞ ልጁ ባደገ ቁጥር በአዲስ መተካት እንደሚያስፈልግ ወላጆች ከወዲሁ ሊያውቁ ይገባል።

ምልክት ቋንቋን ልጁ ብቻ ተምሮ የሚያናግረው ሰው ካጣ ትምህርቱ ቤት ሲደርስ ያበቃል። ስለዚህ እናት ብቻ ሳትሆን አባት፣ ወንድምና እህት፣ ከተቻለም ቅርብ ጎረቤትና የሠፈር ባለሱቅ ጥቂት ምልክቶችን ቢማሩ የልጁ ዓለም ይሰፋል። «ና»፣ «ብላ»፣ «አመመህ?»፣ «ተጠንቀቅ» የሚሉትን ከመሰሉ ምልክቶች መጀመር ይቻላል። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርና ቅርንጫፎቹ፣ እንዲሁም መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተቋቋሙ ትምህርት ቤቶች ወላጆች ምልክት ቋንቋ የሚማሩበትን መንገድ ለመጠየቅ ተመራጭ ናቸው። ከዚህም በላይ መስማት የተሳናቸው አዋቂዎች ለወላጆች ትልቅ ብርታት ናቸው። ሥራ ያለውና ቤተሰብ የመሠረተ መስማት የተሳነው ሰው ያዩ እናት ስለ ልጃቸው ነገ የሚኖራቸው ግምት ይለወጣል።

ልጅን መደበቅ የሚያስከትለው ጉዳት

በአንዳንድ አካባቢዎች አካል ጉዳት የእርግማን ወይም የኃጢአት ውጤት ተደርጎ ይታያል። በዚህም ምክንያት ልጁ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባል፤ የልደት ምዝገባ አይደረግለትም፤ ለክትባት አይወጣም፤ ለትምህርትም አይመዘገብም። እናቱም አብራው ትደበቃለች። ልቅሶ መድረስና ቡና መጠራራት ትተዋለች፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ መሄድም ይቀራል። በመጨረሻ ከልጁ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የታሰረች ትሆናለች።

ለዚህ አመለካከት መሠረት የሚሆን ነገር የለም። የአካል ጉዳት መንስኤ በሽታ፣ በወሊድ ጊዜ የሚያጋጥም የአየር እጥረት፣ የዘር ውርስ፣ አደጋ ወይም ገና ያልተለየ የጤና ምክንያት ነው። በእናት ጥፋት የሚመጣ ቅጣት አይደለም። የሃይማኖት አባቶች ይህን ከዐውደ ምሕረትና ከመስጊድ ቢያስተምሩ ከማንም በላይ ይሰማሉ። ቤተሰብ በእምነቱ መሠረት ጸበል ወይም ዱዓ ቢፈልግም መድኃኒት ወይም የሕክምና ቀጠሮ ማቋረጥ አይገባውም፤ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል።

የቃላት አጠቃቀምም ለውጥ ያመጣል። ልጁን በጉዳቱ መጥራት ትቶ በስሙ መጥራት፣ ስለ ጉዳቱ መናገር ሲያስፈልግም «መስማት የተሳነው»፣ «አካል ጉዳት ያለበት»፣ «የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት» ማለት ተገቢ ነው። ልጆች የሚሳደቡት ከአዋቂ የሰሙትን ነው።

የወላጆች ስብስብ፦ እንዴት ይጀመራል? ምንስ ይሠራል?

ወላጆችን በብርቱ ከሚደግፉ ነገሮች አንዱ የሌላ ወላጅ ልምድ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት በማጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሥርተዋል። እርሳቸው ዛሬ በሕይወት ባይኖሩም የአንድ እናት ጥያቄ ለብዙ ቤተሰብ መልስ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። ሁሉም ወላጅ ማዕከል እንዲያቋቁም አይጠበቅም። በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ አራትና አምስት ቤተሰቦች በወር አንድ ጊዜ ቡና አፍልተው መገናኘታቸው በቂ ጅምር ነው።

ስብስቡን ለመጀመር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ የቀበሌው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ወይም የእድሩ ዳኛ ተመሳሳይ ሁኔታ ያላቸውን ቤተሰቦች ፈቃዳቸውን ጠይቀው ሊያገናኙ ይችላሉ። ልጆቹ የተለያየ የጉዳት ዓይነት ያላቸው መሆኑ እንቅፋት አይሆንም፤ ድካሙና የሚንኳኳው በር ተመሳሳይ ነውና። ስብስቡ ሊያከናውናቸው ከሚችላቸው ተግባራት መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ።

• ተራ ገብቶ ልጅ መጠበቅ፦ አንዷ እናት ለግማሽ ቀን ሁለት ልጆችን ብትጠብቅ ሌላዋ ገበያ ትሄዳለች፣ ትታከማለች ወይም ትተኛለች። ለረጅም ጊዜ እረፍት ያጣች እናት ልጇን ለመንከባከብም አቅም ያንሳታል።
• ጉዞን መጋራት፦ ለሆስፒታል ቀጠሮ ወይም ለትምህርት ቤት አንድ ተሽከርካሪ በጋራ መከራየት ወጪን ይቀንሳል።
• የእንክብካቤ ልምድ መለዋወጥ፦ ለምሳሌ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን ልጅ አንጋሎ መመገብ ትንታ ስለሚያስከትል ቀና አድርጎ፣ ጭንቅላቱን በጥቂቱ ወደፊት ደግፎ በትንሽ በትንሹ ማጉረስ እንደሚገባ አንዷ ለሌላዋ ታሳያለች።
• እቁብና ቁጠባ፦ የተሽከርካሪ ወንበር ጥገና፣ የባትሪ ወይም የመድኃኒት ወጪ በድንገት ሲመጣ የሚደርስ ገንዘብ ይኖራል።
• በአንድ ድምፅ መጠየቅ፦ አንድ ወላጅ ብቻውን ትምህርት ቤት ሄዶ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስና አምስት ወላጆች በጋራ ጽፈው ሲያመለክቱ የሚያገኙት መልስ ይለያያል።

በእነዚህ ስብስቦች አባቶች እንዲገኙ ልዩ ጥረት ማድረግ ያስፈልጋል። ስብሰባው የእናቶች ብቻ ሆኖ ከቀረ የእንክብካቤው ሸክምም የእናቶች ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስብስቡ ሲጠናከር በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በማኅበርነት መመዝገብ ይችላል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች ፍቅር ብሔራዊ ማኅበር፣ ኦቲዝም ላለባቸው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል፣ ዳውን ሲንድረም ላለባቸው ደግሞ ዲቦራ ፋውንዴሽን ወላጆች ምክር ሊጠይቁባቸው ከሚችሉባቸው ተቋማት መካከል ናቸው።

እድሮችም በዚህ ረገድ ትልቅ አቅም አላቸው። እድር ድንኳን፣ ወንበር፣ ገንዘብና ከሁሉም በላይ የሰው እምነት አለው። የመተዳደሪያ ደንቡን በማሻሻል ለሕይወት ጊዜ የሚውል የድጋፍ ገንዘብ መመደብ፣ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብን ከቀብር ሥራና ከሌላ የጉልበት ግዴታ በመጠኑ ማቅለል፣ ለወላጆች ስብስብ አዳራሹን ያለ ክፍያ መፍቀድ ይችላል። ጎረቤታችንን ስንቀብር ብቻ ሳይሆን በሕይወት ሳለ መርዳታችን የእድርን መሠረታዊ ዓላማ ያሰፋዋል እንጂ አያዛባውም።

ከመንግሥት ተቋማት የሚገኙ አገልግሎቶች

1. የልደት ምዝገባ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ጊዜው ያለፈባቸው ወላጆችም ወደ ቀበሌ ወይም ወረዳ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ቀርበው ማስመዝገብ ይኖርባቸዋል። ያልተመዘገበ ልጅ በዕቅድ ውስጥ አይቆጠርም።

2. የሕክምና ማስረጃ። የጉዳቱን ዓይነት የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ለትምህርት ቤት፣ ለድጋፍ መሣሪያና ለሌሎች አገልግሎቶች ይጠየቃል። ዋናውን ቤት አስቀምጦ ቅጂውን ይዞ መሄድ ይመከራል።

3. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን። የአባልነት መዋጮ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በቀበሌው ማኅበረሰብ ተለይተው መዋጮአቸው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር አለ። ልየታው በሚካሄድበት ወቅት ጎረቤቶች የተደበቀ ልጅ ያለበትን ቤተሰብ ማስታወስ ይገባቸዋል።

4. የሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ። ፕሮግራሙ በሚተገበርባቸው የገጠርና የከተማ አካባቢዎች ለሥራ የደረሰ ጉልበት የሌላቸው ቤተሰቦች ያለ ሥራ ግዴታ ድጋፍ የሚያገኙበት ክፍል አለ። አመልካቾች የሚለዩት በአካባቢው ኮሚቴ ሲሆን በልየታው ቅር የተሰኘ ሰው ቅሬታ የማቅረብ መብት አለው።

5. የድጋፍ መሣሪያ። ሰው ሠራሽ አካል፣ የእግር ድጋፍ፣ ክራንችና መሰል መሣሪያዎች በአካል ድጋፍ ማዕከላት ይዘጋጃሉ። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ አርባ ምንጭና አሰላ ማዕከላት ካሉባቸው ከተሞች መካከል ናቸው። ተሽከርካሪ ወንበር ከልጁ ቁመት ጋር መመጣጠን አለበት፤ ለአዋቂ የተሠራ ወንበር የልጅን አከርካሪ ሊያጎብጥ ይችላል።

6. ማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ። በአንዳንድ አካባቢዎች የሠለጠኑ ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ለወላጆች የሰውነት እንቅስቃሴና የእንክብካቤ ሥልጠና ይሰጣሉ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚካሄደው ፕሮግራም ለዚህ በአብነት ይጠቀሳል። አገልግሎቱ በአካባቢው መኖር አለመኖሩን ከወረዳው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል።

ትምህርት ቤት ሲገባ

ኮንቬንሽኑ በአንቀጽ 24 ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ የትምህርት ሥርዓት ሊገለል እንደማይገባ ይደነግጋል። መስማት ለተሳናቸው ልጆችም የምልክት ቋንቋ ትምህርት እንዲመቻች ያስገድዳል። በሀገራችን በመደበኛ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ልዩ ክፍሎች፣ ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች ድጋፍ የሚሰጡ የአካቶ ትምህርት ማዕከላት፣ እንዲሁም እንደ መካኒሳና ሆሳዕና ያሉ መስማት ለተሳናቸው የተቋቋሙ ትምህርት ቤቶች ይገኛሉ።

ወላጆች የምዝገባ ወቅት እስኪደርስ ሳይጠብቁ ቀደም ብለው ወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስለ ልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ቢጠይቁ መልካም ነው። «አንቀበልም» የሚል ምላሽ ከተሰጣቸው ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቀው ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላሉ። የጽሑፍ ጥያቄ የጽሑፍ መልስ ይጠይቃል።

ቤተሰብ ሲፈርስና ልጅ ለአደጋ ሲጋለጥ

አንዳንድ አባቶች ልጁ አካል ጉዳት እንዳለበት ሲያውቁ ቤቱን ጥለው ይሄዳሉ። ቤትን ጥሎ መሄድ የአባትነትን ግዴታ አያስቀርም። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ወላጅ ልጁን የመቀለብ ግዴታ አለበት፤ ጋብቻው ቢፈርስም ግዴታው ይቀጥላል፤ ሆን ብሎ ቀለብ አለመስጠትም በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል። እናቶች የልጁን የልደት የምስክር ወረቀትና የሕክምና ማስረጃ ይዘው በፍርድ ቤት የቀለብ ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ። ልጁ ለሕክምናና ለእንክብካቤ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ወጪ በማመልከቻው ተዘርዝሮ መቅረብ አለበት። ማመልከቻ ለማዘጋጀት የሚቸገሩ እናቶች የወረዳውን ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ምክር መጠየቅ ይችላሉ።

አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ለጥቃት የበለጠ ተጋላጭ ናቸው። መስማት የተሳናት ልጅ ብትጮህ ላይሰማላት፣ ብትከስ የሚረዳት አስተርጓሚ ላይኖር እንደሚችል ጥቃት አድራሹ ያውቃል። ስለሆነም ወላጆች ልጆቻቸው የአካል ክፍሎቻቸውን፣ «አልፈልግም» ማለትንና ጥቃት ያደረሰባቸውን ሰው የሚገልጹበትን ምልክት ቀድመው እንዲያውቁ ማድረግ አለባቸው። ጥቃት ሲፈጸም ሽምግልና ቦታ የለውም። ልጅቷን ሳያጥቡ፣ ልብሷን ሳያጠቡ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋምና ወደ ፖሊስ መውሰድ፣ በምርመራና በፍርድ ሂደቱም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንዲቀርብ መጠየቅ ይገባል።

ከጎረቤት የሚጠበቀው

ለመርዳት የግድ ገንዘብ መኖር የለበትም። ልጁን በስሙ ጠርቶ ሰላም ማለት፣ ከልጆቻችን ጋር እንዲጫወት መጥራት፣ እናቱ ወረፋ ላይ ስትቆም ቅድሚያ መስጠት፣ ልቅሶ ወይም ሠርግ ስትጠራ «ልጅሽንም ይዘሽ ነይ» ማለት ቀላል የሚመስሉ ግን ቤተሰቡን ከጓዳ የሚያወጡ ተግባራት ናቸው።

ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ወላጆች ዛሬውኑ ሁለት ነገር እንዲያደርጉ ያሳስባል። አንደኛ፣ ልጃቸው ያልተመዘገበ ወይም ያልተመረመረ ከሆነ በዚህ ሳምንት ወደ ቀበሌያቸውና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሁለተኛ፣ በአካባቢያቸው ተመሳሳይ ሁኔታ ያለባትን አንዲት እናት ወይም አንድ አባት ፈልገው ያነጋግሩ። በየደረጃው ያሉ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶችም የመጡትን ወላጆች ተቀብለው ወደሚቀጥለው ተቋም በጽሑፍ የማስተላለፍ ኃላፊነት አለባቸው። «ከዚህ በኋላስ ወዴት እንሂድ?» ብሎ የመጣ ወላጅ የሚቀጥለውን በር ሳያውቅ ሊመለስ አይገባም።